የማሟያው ክረምት



የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ የአንድ አዳማ ከተማ ደጋፊ ትዝታ ነው። ስለ ዋንጫ አልጻፈም፤ የ2013ቱን ዋንጫ ፋሲል ከነማ ወስዶታል። የጻፈው ሊጉ ካለቀ በኋላ ሐዋሳ ላይ ስለተደረገው የማሟያ ውድድር ነው። በትግራይ ጦርነት ሳቢያ የክልሉ ሦስት ክለቦች ቦታ ክፍት ነበር፤ ከግርጌ የቀሩት አዳማ፣ ወልቂጤና ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ክለቦች ጋር ተፋልመው ሦስቱም ተረፉ። የሌላው መከራ በከፈተው በር መትረፍ ደስታን ያደበዝዛል፤ ጸሐፊው ይህን አለመሸሸጉን ወድጄለታለሁ።

ስለ ስምጥ ሸለቆ ፉክክር ሲያነሳ ግን ወገንተኝነቱ ያይላል። የ1996 እና የ1999 ሻምፒዮኑን ሐዋሳ ከተማን በግማሽ ገጽ ያልፈዋል። በ2016 ፕሪምየር ሊጉን ተቀላቅሎ በዓመቱ ለወረደው ለሻሸመኔ ከተማ ደግሞ ሁለት ገጽ! (ደጋፊ ነውና ይፈቀድለት ብለን አልነካነውም።) መቂ ላይ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ተሳፋሪ አስቀምጠው ስለ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት የሚሟገቱበትን ክፍል እንዳታልፉት።

የድሮውን የወንጂ ስኳር ቡድን ፎቶ ያላችሁ ላኩልን፤ በቀጣዩ እትም እናወጣዋለን።

አዘጋጁ