ከሻምፒዮናው በፊት ቁም ሣጥኑ ይከፈት

በዚሁ ግድግዳ ላይ ባለፈው ጊዜ የተለጠፈውን «አራት ጎበዞች ይመረጡ» የሚለውን ጽሑፍ ያላነበበ ሠልጣኝ ያለ አይመስለኝም። ጸሐፊው ወንድማችን ስለ አገር አቀፍ የወጣቶች የቼዝ ሻምፒዮና ጥቅም በሰፊው ካብራራ በኋላ፣ ተቋማችን ለውድድር የሚበቁ አራት ተጫዋቾች መርጦ፣ ያሉንን ሰሌዳዎች ለእነርሱ ብቻ ለይቶ፣ ሌላው እየተመለከተ እንዲማር ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳቡ በቅን ልቦና የቀረበ መሆኑን አልጠራጠርም። እኔም ቼዝ እወዳለሁ፤ ሻምፒዮናም እወዳለሁ። ነገር ግን «ሌላው እየተመለከተ ይማር» የተባለው አልተዋጠልኝም። ቼዝ በማየት የሚለመድ ቢሆን ኖሮ የእኛ መኝታ ክፍል ሰው ሁሉ እስካሁን ሊቅ በሆነ ነበር። ሁለት ሰው ሲጫወት አሥር ሰው ከበላይ ቆሞ «ፈረሱን! ኧረ ፈረሱን!» ሲል እኮ ነው የሚያመሸው።

በእኔ አስተያየት ሻምፒዮና ተጫዋች አይፈጥርም። ሻምፒዮና የሚያደርገው፣ ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤቱ ማን ሲማር እንደ ቆየና ማን ሳይማር እንደ ቀረ አደባባይ ማውጣት ብቻ ነው። ይህንንም ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሳይሆን በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

እኔ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት (ስሙ ይቆይ) አምስት የቼዝ ሰሌዳዎች ነበሩ። አምስቱም በስፖርት ዕቃ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ይኖሩ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠጠር እንዳይጠፋ ነው። ከሠላሳ ሁለቱ ጠጠሮች አንዱ ከጎደለ ንብረት ክፍሉ ሰው ይጠይቃል። እንግዲህ ጠጠሩ ሲጠበቅ ተጫዋቹ ጠፋ።

10ኛ ክፍል ሳለሁ የውድድር ደብዳቤ መጣና ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። ውድድሩ ሊደርስ የቀረው ዐሥር ቀን ነበር። የስፖርት መምህራችን «ቼዝ የሚችል እጁን ያውጣ» ሲሉ አራት ልጆች አወጣን፤ አራታችንም ተመረጥን፤ ምርጫ ከተባለ። እኔን ያስተማረኝ ወፍጮ ቤት የሚሠራው አጎቴ ነው። እህላችን ወረፋ እስኪደርሰው ድረስ በካርቶን ላይ ያጫውተኝ ነበር። ሴቶቹ በዚያን ሰዓት ለመረብ ኳስ ልምምድ ሜዳ ወጥተው ስለነበር አልተጠየቁም። ከእነርሱ መካከል አንዲት የክፍሌ ልጅ ነበረች፤ በእረፍት ሰዓት ከደብተር ወረቀት በሠራነው ሰሌዳ ስንጫወት ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ታሸንፈኝ ነበር። ለመምህሩ ሄጄ ነገርኳቸው። «ለሴት ማደሪያ አልተያዘም» አሉኝ። በክፋት አልነበረም፤ እውነትም አልተያዘም ነበር። እኔም «እንግዲያው ይያዝላት» አላልኩም። ዝም ብዬ መኪናው ላይ ወጣሁ። ይህ ነገር ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

አምስት ጨዋታ ተጫውቼ አምስቱንም ተሸነፍኩ። ውድድሩ ዕድሜ ስለማይለይ ካሸነፉኝ አንዱ የ5ኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ወንበር ላይ ተንበርክኮ ነው የሚጫወተው። ከጨረስን በኋላ ማን እንዳስተማረው ጠየቅሁት።

«ዐርብ ዐርብ ከሰዓት በኋላ መምህራችን ያጫውቱናል» አለኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«ክፍሉ በሙሉ!» አለና ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አየኝ።

ወደ ትምህርት ቤቴ ስመለስ ያቺ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ልጁ እንዴት አድርጎ እንዳሸነፈህ አሳየኝ» ብላ ነው። ላሳያት አልቻልኩም። እርምጃን በወረቀት መመዝገብ ማንም አላስተማረንም። ከመጀመሪያው ስምንት ያህል እርምጃ ብቻ አስታወስኩላት። እሷ ግን ስድስተኛው ላይ አስቆመችኝና «እዚህ ጋ ንግሥትህን ምን አስቸኮለህና አወጣሃት?» አለችኝ። እውነትም የተሸነፍኩት በዚያች እርምጃ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ዓለም እንሻገር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1976 በትብሊሲ ከተማ በተደረገው የሶቭየት ኅብረት የወጣቶች የቼዝ ሻምፒዮና አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከ9 ጨዋታ 7 ነጥብ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ልጁ ጋሪ ካስፓሮቭ ነበር። በተከታዩ ዓመት ደገመው፤ በ1985 ደግሞ በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወሬው እዚህ ላይ ሲቆም ሁላችንም «ተአምረኛ ልጅ!» ብለን እንለያያለን። ነገር ግን ይህ ልጅ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ በትውልድ ከተማው በባኩ፣ ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሙዚቃም ሥዕልም ቼዝም በሚማሩበት በአቅኚ ወጣቶች ማዕከል ይሠለጥን ነበር። በ10 ዓመቱም የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ሚኻኢል ቦትቪኒክ ወደሚመሩት የቼዝ ትምህርት ቤት ገባ። ትብሊሲ ላይ የታየው እንግዲህ የአምስት ዓመት ትምህርት ነው። እንደዚህ ያሉ ማዕከሎች ደግሞ በዚያች አገር አንድና ሁለት አልነበሩም።

ቦትቪኒክን ካነሳሁ አይቀር፣ መምህር ለምንሆን ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ካስፓሮቭ ከመምጣቱ በፊት አናቶሊ ካርፖቭ የሚባል ከኡራል ተራሮች አካባቢ የመጣ ልጅ በ12 ዓመቱ በዚሁ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ቦትቪኒክ ተመልክተውት፣ ይህ ልጅ ስለ ቼዝ የሚያውቀው ነገር የለም፣ በዚህ ሙያም ተስፋ የለውም ማለታቸው ይነገራል። ካርፖቭ በ1969 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን፣ በ1975 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቦትቪኒክን የሚያህል ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ በዐሥር ቀን ውስጥ አራት ጎበዝ የምንመርጠው እኛ ማን ነን?

«ሶቭየት ኅብረት ኃያል አገር ነበረች፤ እኛ ድሆች ነን» የሚል ይኖራል። ይሁን። ኡጋንዳስ? በካምፓላ ከተማ ካትዌ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። ሮበርት ካቴንዴ የተባለ ወጣት በ2004 ገደማ የዚያን ሰፈር ልጆች ሰብስቦ ቼዝ ማስተማር ጀመረ፤ ለሚመጡትም አጥሚት ይሰጣቸው ነበር። ፊዮና ሙቴሲ ትምህርቷን አቋርጣ በቆሎ እየሸጠች ቤተሰቧን የምትረዳ ልጅ ነበረች። ወንድሟን ተከትላ ወደዚያ የሄደችው ለአጥሚቱ ስትል ነው። ስለ ጠጠሮቹ አካሄድ መጀመሪያ ያስተማረቻት ከእርሷ በዕድሜ በጣም የምታንስ ሕፃን ነበረች። ፊዮና በኋላ የኡጋንዳ የወጣት ሴቶች ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2010 በሩሲያ በኻንቲ ማንሲስክ ከተማ በተደረገው የቼዝ ኦሊምፒያድ አገሯን ወክላ ተጫወተች። ታሪኳ በ2012 መጽሐፍ፣ በ2016 ፊልም ሆኗል። ፊልሙን ያየ ሰው የሚያወራው ስለ ፊዮና ነው። የእኔ ልብ የቀረው ግን ያቺ ሕፃን ዘንድ ነው። ካቴንዴ «አራት ጎበዝ ይጫወት፣ ሌላው ይመልከት» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሕፃኗ ሰሌዳ አትነካም ነበር፤ ፊዮናም አጥሚቷን ጠጥታ ወደ በቆሎዋ ትመለስ ነበር።

ሌላው የማነሳው ነጥብ የውድድሩ አሠራር ነው። በሶቭየት ኅብረት በ1969 «ነጩ ግንብ» የሚባል የልጆች የቼዝ ውድድር ተጀመረ፤ ዛሬም በሩሲያ ይካሄዳል። በዚህ ውድድር የሚሳተፈው ግለሰብ ሳይሆን የአንድ ትምህርት ቤት ቡድን ነው። በአሁኑ ደንብ መሠረትም በቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንዲት ልጃገረድ መኖር አለባት። ይህ ትንሽ ደንብ ምን እንደሚያደርግ እስቲ አስቡት። አንድ ርእሰ መምህር ከከተማው ጎበዝ ልጅ ተውሶ ሊያሸንፍ አይችልም፤ የግድ የራሱን ተማሪዎች ማስተማር ይኖርበታል። ማደሪያውም ቢሆን ለሴት ጭምር ቀድሞ ይያዛል፤ አለዚያ ቡድኑ አይሄድማ! በየአካባቢው የወጣቶች ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው።

አንዳንድ ሠልጣኞች ደግሞ «ቼዝ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ምን ያደርግልናል?» ሲሉ ይደመጣሉ። ሰንጠረዥን ረስተውት ነው። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ወደ ትግራይ መጥቶ ስለ ራስ ወልደ ሥላሴ የሰንጠረዥ አጨዋወት ጽፏል። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን መስመሩ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ የተሠራ ነው። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች አሉት። ከሁሉ የሚገርመኝ አከፋፈቱ ነው። «ወረራ» ይባላል። ተራ ብሎ ነገር የለም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪወስድ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። (መኝታ ክፍላችን በዚህ ሕግ ቢጫወት ጠረጴዛውም አይተርፍ።) ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በታተመ ጥናታቸው የዚህን ጨዋታ ታሪክና ሕግ ዘርዝረውታል። እርሳቸው እንደሚሉት ጨዋታው የጠፋው ከኢጣሊያ ወረራ ወዲህ ነው። እንዲያው የእኔ ግምት ግን፣ ሰንጠረዥ በቀላሉ የጠፋው በመኳንንት አዳራሽ ብቻ ተወስኖ ስለኖረ ነው። ገበጣንማ ማን አጠፋው? እረኛው መሬት ምሶ በጠጠር ይጫወተዋል። ቁም ሣጥን አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ከእኔው ወገን ካሉት ጋርም መጣላቴ ነው። ቼዝ ወዳዶች ባገኘነው መድረክ ሁሉ «ቼዝ ልጆችን በሒሳብ ጎበዝ ያደርጋል» እንላለን። በእንግሊዝ አገር በ100 ትምህርት ቤቶች፣ ከ4,000 በላይ ሕፃናትን ይዞ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ከትምህርት ቤቶቹ ግማሾቹ 30 ሰዓት ያህል ቼዝ አስተማሩ፤ ሌሎቹ አላስተማሩም። ከአንድ ዓመት በኋላ በሒሳብ ፈተና ሲታዩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። አርመንያ ከ2011 ጀምሮ ቼዝን ለዝቅተኛ ክፍሎች መደበኛ ትምህርት አድርጋለች፤ ደግ አደረገች። እኛ ግን ለርእሰ መምህር ስንለምን በማናውቀው ነገር አንማል። ነገ የሒሳቡ ውጤት ሳይሻሻል ሲቀር «አላልናችሁም?» ተብሎ ቁም ሣጥኑ ተመልሶ ይቆለፋል።

ታዲያ ለምን እንድከም? የእኔ ምክንያት ያቺ «ንግሥትህን ምን አስቸኮለህ?» የምትለዋ ጥያቄ ናት። በክፍል ውስጥ ልጅ ስሕተቱን የሚያውቀው ከመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ አይቶ ደብተሩን ይዘጋል። በቼዝ ግን ሁለት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው «የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው?» ብለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ያሸነፈውም አብሮ ይፈልጋል። ይህን በሌላ ትምህርት ለማምጣት የማስተማር ዘዴ መምህራችን ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚደክሙብን እናውቃለን።

ለውድድር ሰው አይላክ አላልኩም፤ ይላክ እንጂ። ከስድሳ ተጫዋች አራት መምረጥና ከአራት አራት መምረጥ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ የስፖርት ኮሚቴያችን ሰሌዳዎቹን ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርግልን እጠይቃለሁ። ጠጠር ከጠፋ በስሜ ይመዝገብ፤ እከፍላለሁ።

እስከዚያው ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ስወጣ ይዣቸው የምሄድ ስድስት ሰሌዳዎች እየሠራሁ ነው። ካርቶኑን ከመደብሩ ባለቤት አግኝቻለሁ። ጠጠሩ እንደ ዳማ ቆርኪ ነው፤ የነጩ ወገን በጀርባው፣ የጥቁሩ ወገን በሆዱ ይቀመጣል። በየቆርኪው ላይ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ንጉሥና ንግሥት ሁለቱም በ«ን» ስለሚጀምሩ ተቸግሬ ነበር፤ ለንግሥቲቱ እቴጌ ለማለት «እ» ጽፌላታለሁ። ለስድስቱ ሰሌዳ 192 ቆርኪ ያስፈልጋል። እስካሁን የሰበሰብኩት 118 ስለሆነ 74 ይጎድለኛል። ለስላሳ የምትጠጡ ሁሉ ቆርኪውን አትጣሉብኝ። ዐርብ ከቀኑ በ10 ሰዓት ከምግብ አዳራሹ በስተጀርባ ባለው ዛፍ ሥር እገኛለሁ። ጠጠር ነክቶ የማያውቅ ሰው ቢመጣ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ «አራት ጎበዞች ይመረጡ» ያለው ወንድማችንም ቢመጣ ከእርሱ ጋር የምጫወተውን የመጀመሪያ ጨዋታ እርምጃ በእርምጃ በወረቀት እመዘግበዋለሁ።