የተዘጋው ኮምፒዩተርና የነጋዴው መዝገብ

የነጋዴ መዝገብ ቀድሞ በደብተር ተጽፎ በካዝና ይቈለፍ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ፕሮፎርማው፥ የዕቃው ዝርዝር፥ ለባንክና ለጉምሩክ የሚቀርበው ጽሑፍ፥ የባለዕዳውም ስም ጭምር በኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛል። ይህም ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ ያለው በመደብር ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ነው፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ከገባ በኋላ ሒሳቡን የሚመለከትበት፥ ልጆቹም የትምህርት ቤት ሥራቸውን የሚሠሩበት ያው አንዱ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቱን አላስገባም ያለ እንደ ሆነ፥ ጉዳዩ የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የንግድ ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ የተለመደው መድኃኒት ኮምፒዩተሩን ወደ ጥገና ቤት ወስዶ «ፎርማት» ማስደረግ ነው። ጠጋኙም መሣሪያውን እንደ አዲስ አድርጎ ይመልሳል፤ ነጋዴውም ዋጋውን ከፍሎ ይሄዳል። ነገር ግን ፎርማት ማለት በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ደምስሶ ከመጀመሪያው መጀመር መሆኑ አስቀድሞ የተነገረው ነጋዴ ስንት ነው? ቁልፉ ስለ ጠፋበት መጋዘኑን ከነዕቃው የሚያቃጥል ሰው አይገኝም። ብርቱ ነቀፌታ የሚገባው ይህ ልማድ ነው፤ የመግቢያው መዘጋት ብዙውን ጊዜ በቀላል ምክንያት የሚመጣ ነውና።

በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው የፊደል ገበታው ነው። «ካፕስ ሎክ» የተባለው ቁልፍ ተጭኖ ከቀረ ትንንሹ የላቲን ፊደል ሁሉ ትልቅ ሆኖ ስለሚጻፍ የይለፍ ቃሉ ስሕተት ይሆናል። በሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ነጋዴ ደግሞ ገበታው ወደ ሌላ ቋንቋ ዞሮ እንደ ሆነ መመልከት አለበት፤ ጣቱ የለመደውን ቁልፍ ቢጫንም የሚጻፈው ሌላ ሊሆን ይችላልና። እንደዚሁም ፒን የተባለው አጭር ቍጥር ለዚያ ለአንዱ ኮምፒዩተር ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፥ የማይክሮሶፍት አካውንት የይለፍ ቃል ግን በማናቸውም ስፍራ ያው ነው። ሁለቱን አሳስቶ አንዱን በሌላው ቦታ የሚጽፍ ሰው ጥቂት አይደለም።

ልጆች በመገመት ሲሞክሩም መግቢያው ሊዘጋ ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ፥ ይህ እትም በአዲስ መልክ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃሉ 10 ጊዜ ተሳስቶ ቢጻፍ መግቢያው ለ10 ደቂቃ ይቈለፋል። 10 ደቂቃ ሦስተኛውን ቡና ለመጠበቅ እንኳ አይበቃም፤ ፎርማት ለማስደረግ ግን በዚያው 10 ደቂቃ ውስጥ ከቤቱ የሚወጣ አለ።

ነጋዴውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ግን መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ የሚደርሰው ነው። ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ እንዳለ ሲጠፋ የተጠቃሚውን ማኅደር የሚመዘግበው ክፍል ሊበላሽ ይችላል። በማግሥቱ ዊንዶውስ ባለቤቱን ያስገባዋል፤ ነገር ግን ያስገባው ወደ ራሱ ቤት ሳይሆን ለጊዜው ወደ ተሰጠ ባዶ ቤት ነው። የሒሳቡ ሠንጠረዥ የለም፤ ደብዳቤው የለም። ባለቤቱም ሁሉ ጠፋ ብሎ ያዝናል። በእውነቱ ግን ጽሑፉ «ዩዘርስ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ በቀድሞው ስም እንዳለ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፤ ዐዋቂ ሰው በጥንቃቄ ሊያወጣው ይችላል። ክፉው ነገር ሌላ ነው። በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ የዋለ ሰው፥ ማታ ሲወጣ የጻፈው ሁሉ ይደመሰሳል። ስለዚህ «ጊዜያዊ ፕሮፋይል» የሚል ማስታወቂያ የታየው ነጋዴ አንድ ፋክቱር እንኳ ሳይጽፍ ሥራውን ማቆም ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የአካውንቱ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲገዛ አካውንቱን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ሻጩ፥ የወንድም ልጅ ወይም የመደብሩ ጸሐፊ ነው፤ የኢሜል አድራሻውና የስልክ ቍጥሩም የእነርሱ ይሆናል። ጸሐፊው ሥራውን ሲለቅ ቁልፉም አብሮት ይሄዳል። በ2024 በወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ደግሞ ነገሩ ጠንክሯል፤ ለዚህ ብቁ የሆነ ኮምፒዩተር በአዲስ መልክ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት፥ በውስጡ ያለውን ሁሉ ራሱ በምስጢር ይቈልፋል፤ 48 አኃዝ ያለውንም የመክፈቻ ቍጥር በዚያው አካውንት ውስጥ ያስቀምጣል። ኮምፒዩተሩ ይህን ቍጥር የጠየቀ ዕለት፥ አካውንቱ የማን እንደ ሆነ ካልታወቀ ምንም ያህል ብልኅ ጠጋኝ ቢሆን ጽሑፉን ሊያወጣው አይችልም።

የአካውንቱ ስልክና ኢሜል ሁለቱም ጠፍተው በሌላ ሲተኩ ማይክሮሶፍት 30 ቀን ያስጠብቃል። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚሠራ ላኪ ደግሞ፥ ሌላ ቀነ ገደብ ካልተወሰነ በቀር፥ የመጫኛ ሰነዱን ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ለባንክ ማቅረብ እንዳለበት ያውቃል። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት የላኪው ፈንታ ነው።

ስለ ሆነም ነጋዴው አካውንቱን በራሱ አድራሻና በራሱ ስልክ እንዲያስከፍት፥ ለክፉ ቀን የሚሆን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ሁለተኛ አካውንት እንዲያኖር፥ ለልጆቹም የተለየ መግቢያ እንዲሰጥ ያስፈልጋል። የይለፍ ቃል በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በእነ ፈርናንዶ ኮርባቶ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ዓላማው ይኸው ነበር፤ አንዱን መሣሪያ የሚጋሩ ሰዎች ጽሑፋቸው እንዳይደባለቅ። 48ቱ አኃዝ በወረቀት ተጽፎ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በካዝና ይቀመጥ፤ የመዝገቡም ቅጂ በሌላ ዲስክ ይኑር። ጥገና ቤቶች ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ሳይቀበሉ አንድም ኮምፒዩተር ፎርማት እንዳያደርጉ ሊገደዱ ይገባል፤ ዕቃ የተረከበ የመጋዘን ኀላፊ ያለ ትእዛዝ ዕቃ አይጥልምና።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ፥ አሮጌ ኮምፒዩተሩን ለመለወጥ የሚያስብ ነጋዴ ብዙ ነው። አዲሱን ኮምፒዩተር ሲረከብ ከሻጩ ፊት ራሱ ዘግቶ ራሱ ይክፈት፤ በአካውንቱ ላይ የተጻፈውም ስምና ስልክ የማን እንደ ሆነ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ።