ስድቡን የጻፈው ማን ነው?

አራት ወጣት ሴቶች ራቁታቸውን ተጠጋግተው ካሜራውን ትክ ብለው ያዩታል። ገላቸው በስድብ ተሸፍኗል፦ አስቀያሚ፣ ወፍራም፣ ደደብ፣ ባለጌ፣ ተሰጥኦ የሌላት። ያነሳቸው እውቁ የብሪታኒያ ፎቶ አንሺ ራንኪን ነው። ሴቶቹ ሊትል ሚክስ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን አባላት ናቸው፤ ፎቶውም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ያወጡትን «ስትሪፕ» የተሰኘ ነጠላ ዜማ ለማስተዋወቅ የተነሳ ነው። የዘፈኑ መልእክት አጭር ነው፤ ሜካፕሽን እጠቢው፣ ሰው የሚልሽን ናቂው፣ ገላሽን እንዳለ ውደጂው።

በወቅቱ የቴሌቪዥን አቅራቢው ፒርስ ሞርጋን ዘፈን ለመሸጥ ሲሉ ልብሳቸውን አወለቁ ብሎ ወረፋቸው፤ አድናቂዎቻቸው ደግሞ የሴት ልጅ ጥንካሬ ማለት ይህ ነው ብለው ተሟገቱላቸው። ክርክሩም ልብስ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ስድቡ አለ፣ ተሰዳቢዎቹ አሉ፣ ተሳዳቢው ግን የለም።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ፎቶውን ከታላቅ እህቱ ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ነው። በሜይ 2003 ዲክሲ ቺክስ በሚል ስም የሚታወቁ ሦስት አሜሪካውያን የካንትሪ ሙዚቀኞች፣ በኢንተርቴይንመንት ዊክሊ መጽሔት ሽፋን ላይ ልክ እንዲሁ ራቁታቸውን፣ ገላቸው ላይ ስድብ ተጽፎ ወጥተው ነበር። ሞርጋንም ሊትል ሚክስን ኮረጃችሁ ያላቸው ይህንኑ ነው። የአሜሪካውያኑ ስድብ ግን አድራሻ ነበረው፦ ከሃዲዎች፣ የሳዳም መላእክት። ኢራቅ ልትወረር ቀናት ሲቀሩ የቡድኑ ድምፃዊት ናታሊ ሜይንስ ለንደን ውስጥ መድረክ ላይ ቆማ፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ የቴክሳስ ሰው በመሆኑ እንደምታፍር ተናግራ ነበር። ወዲያው በየግዛቱ ያሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈናቸውን ከአየር አወረዱት። ስለዚህ መጽሔቱን የገዛ ሰው እያንዳንዱ ቃል ከየትኛው ወገን፣ በምን ምክንያት እንደተወረወረ ያውቃል። ሴቶቹ ተናገሩ፣ የተናገሩት ባለሥልጣን አስቆጣ፣ ዋጋ ከፈሉበት። ከ15 ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ ሲመለስ ቃላቱ ባለቤት አልባ ሆኑ። ባለቤት ለሌለው ስድብ ደግሞ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ተሰዳቢዋ ጆሮዋን ትድፈን።

«ራስሽን ውደጂ» የሚለው የዘፈን ዘር በሙሉ የቆመው በዚህ መሰወሪያ ላይ ነው። ልጅቷን መልኳን ያስጠሏት ሌሎች ናቸው፤ መልኳን መውደድ ግን የእሷ የቤት ሥራ ይሆናል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። የቤት ሥራውን መሥራት ካቃታትም ሁለተኛ ጥፋት ይጻፍባታል፤ ራሷን የማትወድ ደካማ ትባላለች። ትናንት የምታፍረው በወገቧ ውፍረት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በማፈሯም ታፍራለች።

ከአራቱ አንዷ ጄሲ ኔልሰን ናት። ቡድኑ በ2011 የብሪታኒያውን ኤክስ ፋክተር የዘፈን ውድድር ሲያሸንፍ፣ በድሉ ማግስት ፌስቡክ ላይ የጠበቃት ስለ መልኳና ስለ ክብደቷ የተጻፈ የስድብ ክምር እንደነበር፣ ቢቢሲ በ2019 ባሳየው ዘጋቢ ፊልሟ ተርካለች። በ2013 ኬቲ ሆፕኪንስ የተባለች አምደኛ ትዊተር ላይ በውፍረቷ ተሳለቀችባት። በዚያው ዘመን ጄሲ ራሷን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደርሳለች። ፊልሙ ከዘፈኑ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ስም ይጠራል፣ ዓመት ይቆጥራል፣ ስድቡ የተላለፈበትን መድረክ ያሳያል። ተመልካቹም ሰውነትሽን ውደጂ ብሎ ከመምከር ይልቅ፣ ይህን ሁሉ ሲያይ ዝም ያለው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ቀጥሎ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። «ስትሪፕ» ከወጣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2020፣ ቡድኑ «ስዊት ሜሎዲ» ለሚለው ዘፈን ቪዲዮ ሊቀርጽ ተዘጋጀ። ጄሲ በኋላ ለጋርዲያን ጋዜጣ እንደነገረችው ለቀረጻው ክብደት ለመቀነስ ራሷን በምግብ ቀጥታለች፤ በቀረጻው ዕለትም ጭንቀቱ በረታባት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከቡድኑ ወጣች። ይህን የማነሳው እሷን ለመውቀስ አይደለም። መድኃኒቱን በገዛ ድምፅዋ የዘፈነችው ሴት በመድኃኒቱ ካልዳነች፣ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማው የ14 ዓመት ልጅ ትድናለች ብሎ መማል ድፍረት ነው። ለጄሲ መላ የሆናት ራስን የመውደድ ጥቅስ ሳይሆን ሥራ መልቀቅ ነበር። ሥራ መልቀቅ ደግሞ የሰው ጥቅም ይነካል፤ ውል ይፈርሳል፣ ቀረጻ ይዘገያል፣ ገንዘብ ይጎድላል።

መለኪያዬ ይኸው ነው። ሴት በረታች ሲባል፣ በመበርታቷ ማን ምን አጣ? አንዲት ሴት የተነፈጋትን ስታስመልስ፣ ነፍጓት የቆየው ወገን የግድ አንድ ነገር ይጎድልበታል። ማንም ምንም ካላጣ የተለወጠው ስሜቷ ብቻ ነው። ስሜት አይናቅም፤ ግን ጥንካሬ ተብሎ ሲሸጥ ዋጋውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሻጩ ግን ሁለቱንም ጫፍ ይዞታል። ዩኒሊቨር በ2004 በዶቭ ሳሙናው ስም የእውነተኛ ውበት ዘመቻ ሲከፍት፣ ሴቶች ሆይ እንዳላችሁ ቆንጆ ናችሁ እያለ ዓለምን አስለቀሰ። ያው ኩባንያ በእስያ ገበያ ፌር ኤንድ ላቭሊ የሚባል የቆዳ ማንጫ ክሬም ይሸጥ ነበር፤ ስሙን ወደ ግሎው ኤንድ ላቭሊ የቀየረው በ2020 ነው። ጥቁረቷን እንድትጠላ የሚነግራትም፣ እንድትወደው የሚነግራትም አንድ ካዝና ነው። ሁለቱንም ብትሰማ ሁለት ጊዜ ትከፍላለች።

በጃንዋሪ 2019 ደግሞ ጋርዲያን አንድ ጉድ አወጣ። ስፓይስ ገርልስ የተባለው የብሪታኒያ የሴቶች ሙዚቃ ቡድን አባላት ለሴቶች እኩልነት ገንዘብ ለማሰባሰብ ኮሚክ ሪሊፍ ከተባለው በጎ አድራጊ ድርጅት ጋር ያሸጡት ቲሸርት የተሰፋው ባንግላዴሽ ውስጥ፣ በሰዓት 35 ፔንስ በሚከፈላቸው ሴቶች ነበር። የአንዱ ቲሸርት ዋጋ 19 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ነበር። ዘፋኞቹም ድርጅቱም ደነገጥን አሉ፤ እውነታቸውን ይሆናል። ነገር ግን ደረቱ ላይ የሴት ኩራት የታተመበትን ጨርቅ የሰፋችው ሴት ስንት ይከፈላታል የሚለው ጥያቄ ጋዜጣው እስኪያወጣው ድረስ በአደባባይ አልተነሳም። ለምን ይነሳል? እኩልነት የስሜት ጉዳይ ከሆነ የደመወዝ ወረቀት እዚህ ምን ይሠራል?

የሴት ቡድኖች ታሪክ ሌላ ዓይነት ጉልበትም ያውቃል። ስፓይስ ገርልስን በ1994 በጋዜጣ ማስታወቂያ መልምለው ያሰባሰቧቸው ሥራ አስኪያጆች ነበሩ፤ ልጆቹ ግን በማግስቱ ዓመት የተቀረጸ ዘፈናቸውን ይዘው ጥለዋቸው ሄዱ። በ1997 ቀጣዩን ሥራ አስኪያጃቸውን ሳይመን ፉለርን አሰናበቱ። ዓለም በቃሉ የያዘው በ1996 የወጣውን ዘፈናቸውን ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ያ ጥሎ መሄድ ነበር።

ከሁሉ የሚልቀው ቲኤልሲ የተባለው የሦስት አሜሪካውያን ሴቶች ቡድን ታሪክ ነው። በ1999 «አንፕሪቲ» በሚለው ዘፈናቸው መስታወት ፊት የሚያለቅሱ ልጃገረዶችን ያጽናኑት እነሱ ናቸው፤ ዘፈኑም የአሜሪካን የቢልቦርድ ሰንጠረዥ መርቷል። ሦስቱ ሴቶች ግን ከዚያ በፊት፣ በ1995፣ በሚሊዮኖች የተሸጠ አልበም ይዘው ኪሳራ አውጀው ነበር። በ1996 የግራሚ ሽልማታቸውን እንደታቀፉ ጋዜጠኞች ፊት ገንዘብ የለንም አሉ። ከሦስቱ አንዷ የነበረችው ሟቿ ሊሳ ሎፔስ ቆይታ ቪኤች ዋን በተባለው ጣቢያ ሂሳቡን አንድ በአንድ አስረዳች። ኩባንያው ከእያንዳንዱ አልበም ለዘፋኞቹ የሚያስበው ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ከዚያችው ላይ የስቱዲዮውን፣ የቪዲዮውንና በቅድሚያ የሰጠውን ገንዘብ ይቆርጣል፤ የተረፈው ላይ ሥራ አስኪያጅና ግብር ይጠብቃሉ፤ ቀሪው ለሦስት ይካፈላል። ያ የሂሳብ ትምህርት ዜማ የለውም፤ ነገር ግን ለወጣት ሴት ዘፋኝ ከመቶ የማበረታቻ ዘፈን ይበልጥባታል። ባለዕዳው በስሙ ተጠርቷልና።

ሊትል ሚክሶችም ቢሆኑ ሲፈልጉ በዳዩን መጥራት አላቃታቸውም። በ2021 የብሪት ሽልማትን በምርጥ ቡድን ዘርፍ በመውሰድ የመጀመሪያው የሴቶች ቡድን ሲሆኑ፣ መድረኩ ላይ በኢንዱስትሪው የነጭ ወንዶችን የበላይነትና የሴት ንቀትን አንስተው ተናግረዋል። ንግግሩ አጭር ነበር። በዚያች አፍታ የተባለው ግን በ«ስትሪፕ» ውስጥ ከተባለው ሁሉ ይከብዳል።

ወደ እኛ እንምጣ። የኛ የተባለው የአምስት ልጃገረዶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ብቅ ሲል፣ በሬዲዮ ድራማውም በዘፈኑም ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ጥቃትን፣ የጓደኛን አለኝታነት አንስቷል፤ ከአስቴር አወቀ ጋርም «ጣይቱ»ን ዘፍነዋል። በዳዩን በመጥራት ረገድ ከብሪታኒያዎቹ ይሻላሉ። ኪሱ ግን የእነሱ አልነበረም። ቡድኑን ያቋቋመው ከናይኪ ፋውንዴሽን የመነጨው ገርል ኢፌክት ነው፤ ዋናው ገንዘብ የብሪታኒያ መንግሥት እርዳታ ነበር። ዴይሊ ሜይል የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ እያለ ሲዘምትባቸው ከረመ፤ በጃንዋሪ 2017 የብሪታኒያ መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። የኢትዮጵያን ልጃገረዶች አቅም ጉዳይ ለንደን ውስጥ አንድ ጋዜጣና አንድ ሚኒስቴር ተነጋግረው ጨረሱት። በብድር የመጣ ጥንካሬ ባለቤቱ ሲፈልግ ይመልሰዋል።

በየመሥሪያ ቤቱ ማርች 8 ሲከበርም ያው ነው። ሴት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለብሳሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ አነቃቂ ተናጋሪ ይጋበዛል። ተናጋሪው ራሳችሁን ውደዱ፣ በራሳችሁ ተማመኑ ይላል፤ ይጨበጨባል። የሴቶች አለመተማመን እንጂ የሥራ ቦታው ጉዳይ አይነሳም። ለምሳሌ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የሚሰፉት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር፤ ልብስ አምራች ከሆኑ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝን ጉዳይ የሚይዝ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። በማርች 8 መድረክ ላይ ስለዚያ ቦርድ የተናገረ አነቃቂ ተናጋሪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዘፈን ምን ትጠብቃለህ፣ ዘፈን ሕግ አያወጣም የሚሉኝ ይኖራሉ። ልክ ናቸው። ከዘፈን ሕግ አልጠብቅም። በየትምህርት ቤቱ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ጥቁረቷ የሚሾፍባት ልጅ ሦስት ደቂቃ ቀና ብትልበት ደስታዬ ነው፤ ማጽናናት የዘፈን የጥንት ሥራው ነውና። ጠቤ ማጽናኛውን ድል ብለው ከሚሸጡልን ጋር ነው፤ ኩባንያው፣ መጽሔቱ፣ የሥልጠና ድርጅቱ፣ የበዓል ኮሚቴው። ያለቀሰችን ሴት እንባ መጥረግ ደግነት ነው። እንባዋን ጠርጎ የመታትን ሰው ከኋላ በር ማስወጣት ግን ተባባሪነት ነው።

በመጪው ማርች 8 ቲሸርቱ ሲታደል ተቀብላችሁ ልበሱት፤ ዳቦውንም ብሉ። በማግስቱ ግን ተሰባስባችሁ ለሰው ሀብት አስተዳደር አንድ ደብዳቤ ጻፉ። በአንድ የሥራ መደብ ላይ ያሉ ወንድና ሴት ስንት ስንት ይከፈላቸዋል? ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሱት መካከል እድገት ያገኙት ስንት ናቸው? የትንኮሳ አቤቱታ የሚቀርበው ለማን ነው፣ እስካሁንስ ማን ተቀጣ? ዳቦ ሲቆርሱ ፈገግ ያሉት ሥራ አስኪያጅ ይህንንም ሲያነቡ ፈገግ ካሉ መሥሪያ ቤታችሁን አመስግኑ። ከተቆጡ ደግሞ አትደንግጡ፤ ያጡት ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል ማለት ነው፤ ጥንካሬም የሚጀምረው ከዚያ ነው።