ፎርማት መብራት አያመጣም!

«...የመመረቂያ ጽሑፌን ለማስረከብ የቀረኝ አምስት ቀን ነው። ማታ እየጻፍኩ ሳለ መብራት ሄደ። ጠዋት ኮምፒውተሬን ብጫነው፣ ብጫነው ወይ ፍንክች! ሠፈራችን ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ዘንድ ወሰድኩት። ሳይከፍተው ‹ፎርማት ያስፈልገዋል› አለኝ። የስድስት ወር ልፋቴ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ልፍቀድለት ወይስ ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ በፍጹም እንዳትፈቅጂለት! ፎርማት ማለት ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ጠርጎ ማውጣት ነው። ጭራሽ አልበራ ያለ ኮምፒውተር ደግሞ በመጥረግ አይነሳም። ጣራው ያፈሰሰበት ሰው ሣጥኑን ባዶ ቢያደርግ ምን ይጠቅመዋል? ይልቅ ዛሬውኑ ሄደሽ አምጪውና እነዚህን ሞክሪ።

በመጀመሪያ ሶኬቱን ጠርጥሪ። የስልክ ቻርጀር ሰክተሽ መሥራቱን እዪ። ከዚያ ዲቫይደሩን ተዪውና ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኪ። ከሲፒዩው ጀርባ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ክቧ ምልክት ዝግ፣ ቀጥ ያለችው መስመር ክፍት ማለት ናት። አንዳንድ አሮጌዎቹ ላይ 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያም አለ። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት።

እምቢ ካለ ገመዱን ንቀዪና ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢው። ውስጡ የቀረው ኃይል ይወጣል። መልሰሽ ሰክተሽ ሞክሪ። ላፕቶፕ ያላችሁም ቻርጀሩን ነቅላችሁ ለ30 ሰከንድ እንዲሁ አድርጉ።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ብቻ ከጨለመ ደስ ይበልሽ፣ መብራቱ ገብቷል ማለት ነው። የሞኒተሩን ገመዶች አጥብቂ። ቀጥሎ የሚጠረጠረው ራም ነው። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለሽ፣ የሣጥኑን ብረት ነካ አድርገሽ፣ ራሙን አውጪ። ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ በቀስታ አሽተሽ «ቀጭ» እስኪል መልሰሽ ትከዪው።

የተቃጠለ ነገር ከሸተተሽ ግን እጅሽን ሰብስቢ። ፓወር ሰፕላዩንም እንዳትከፍቺ፤ ከሶኬት ቢነቀል እንኳ ውስጡ ኮረንቲ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የምታምኚው ባለሙያ ሃርድ ዲስኩን ፈቶ፣ ዓይንሽ እያየ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካልሽ። ኮምፒውተሩ ቢሞት እንኳ ሃርድ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ጽሑፍሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል፤ አምስቱ ቀን ግን አይመለስም።

ለሁላችሁም፦ ልፋታችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢሜይላችሁ ውስጥ። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስ ነው ብዙ ዕቃ ይዞ የሚሄደው።

እህቴ፣ መልካም ምርቃት!