ባለቤት ያጣ ግሥ

እንግሊዝኛ ነገርን ለማቅለልና ለማሳጠር የሚያገለግሉ ያማሩ ቃላት አሉት። ጸሐፊ ድርሰቱን «ትሪም» ያደርጋል፤ መሐንዲስ ንድፉን «ሲምፕሊፋይ» ያደርጋል። ከእነዚህ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከወረቀትና ከብረት ተነሥተው ሰው ላይ ካረፉት ጋር ነው።

«ዳውንሳይዝ» እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች መኪናን አሳንሰው ሲሠሩ የተለመደ ቃል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የሚያንሰው ሠራተኛው ሆነ። «ስትሪምላይን» የውኃንና የአየርን ፍሰት መግለጫ ነበር፤ ዛሬ ሰው ከደመወዝ መዝገብ ሲሰረዝ ይነገራል። እንግሊዞችማ እ.ኤ.አ. በ1965 የካሳ ሕግ ሲያወጡ እንኳ ተሰናባቹን «ሪደንደንት» አሉት፤ በላቲን ሥሩ ሞልቶ የፈሰሰ ማለት ነው። ለመሆኑ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ትርፍ ፈሳሽ የሆነው?

ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 «ሪኢንጂነሪንግ»ን ባስተዋወቀበት ጽሑፍ የፎርድን የክፍያ ሒሳብ ክፍል በምሳሌነት አንሥቷል። ከ500 በላይ ሠራተኞች የነበሩት ይህ ክፍል የአቅራቢዎችን የክፍያ መጠየቂያ ሰነድ አስቀርቶ የሰው ኃይሉን በ75 በመቶ ቀነሰ። አሠራሩ መቅለሉን አልክድም። ነገር ግን የቀረው ወረቀት በዝርዝር ሲወሳ፣ የቀረው ሰው በመቶኛ ውስጥ ተሰወረ።

ይኸው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ «ቢፒአር» ተብሎ ወደ እኛ መሥሪያ ቤቶች ገባ። እኛም ከቃሉ ጋር መደበቂያውን ተቀበልን። አማርኛ «አባረሩት» ሲል በአንድ ቃል አባራሪውንም ተባራሪውንም ፊት ለፊት ያቆማል። ሹሞቻችን ግን «የሰው ኃይል ቅነሳ ተካሄደ» ይላሉ። ማን አካሄደው? በማን ላይ? መልስ የለም፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ቅነሳው ራሱ ሆኖ ተቀምጧል።

ቃል መበደር ነውር ነው አልልም፤ ያለ ብድር የበለጸገ ቋንቋ የለም። መቀነስም አንዳንዴ ግድ ይሆናል። ዳሩ ግን የሚቀንስ በስሙ ይቀንስ። «አሰናብቼሃለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ይበል። ያን ጊዜ ተሰናባቹ ቢያንስ የሚጠይቀው፣ ካስፈለገም የሚከስሰው ሰው ያገኛል። ውብ ቃል የሚነጥቀው ይህንን መብት ነው። እንጀራ ማጣት አንድ በደል ነው፤ እንጀራህን ማን እንደወሰደው አለማወቅ ሁለተኛው።

ስለዚህ ከቃላት ሁሉ በፊት የግሡ ባለቤት ይመለስ እላለሁ።