ባዶውን ሳይመዝኑ

አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከጎጃም እህል እየጫነ አዲስ አበባ ሲመላለስ፣ ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ይወስደኝ ነበር። ከዚያ ጉዞ የቀረልኝ ትዝታ የመኪና ሚዛኑ ነው። መኪናው ሚዛን ላይ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አንዴ ባዶውን፣ አንዴ ተጭኖ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አባቴ፣ "ነጋዴው ለመኪናዬ ብረትም የጤፍ ዋጋ ይክፈል?" ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና (ኤግዚት) ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል።

ፈተናው ቀድሞ በሕግና በጤና ሙያዎች ብቻ ይታወቅ ነበር። ሐምሌ 2015 ላይ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ሲዳረስ 150 ሺህ ያህል ተማሪዎች ተቀመጡ፤ 50ና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 61 ሺህ ገደማ ነበሩ፣ 40.65 በመቶ። የመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያሳልፉ የግሎቹ 17.2 በመቶ አሳለፉ። ያን ሰሞን በመምህራን ላውንጅ ያልተባለ ነገር አልነበረም። አንድ ባልደረባዬ ማኪያቶውን እያማሰለ "ዲግሪ ሲቸረችሩ ኖረው ዛሬ ተጋለጡ" አለ። የሚቸረችር የለም ብዬ አልከራከረውም። ግን የግል ኮሌጅ በር የሚያንኳኳው ልጅ ብዙውን ጊዜ የመንግሥት መቁረጫ ነጥብ ያልሞላለት ነው፤ ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ የሚማረውም ትንሽ አይደለም። በ62 እና በ17 መካከል ካለው ልዩነት ስንቱ የመምህሩ፣ ስንቱ ልጁ ይዞት የመጣው ነው? ቁጥሩ ይህን አይነግረንም። አንዱ ኮሌጅ 20 ላይ የነበረን ልጅ 45 አድርሶት "ወደቀ" ይባላል፤ ሌላው 60 ላይ የተቀበለውን 62 ላይ አስረክቦ ይመሰገናል።

ፈተናው ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከእሱ በፊት የነበረውን አውቀዋለሁና። እኛው አስተምረን፣ እኛው ፈትነን፣ እኛው አርመን፣ እኛው ግሬድ እንሰጥ ነበር። እኔም ብሆን ከገጠር ድረስ መጥታ ቢሮዬ በር ላይ የቆመች እናት አይቼ ዲውን ሲ ያደረግኩበት ቀን አለ። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ሚዛን ያስፈልገናል። ጥያቄዬ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ምንድን ነው የሚል ነው።

ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው። የመጨረሻው መንፈቅ ዓመት ሲደርስ ክፍላችን ቱቶሪያል ይሆናል፤ የፈተናው ብሉ ፕሪንት ይታተማል፣ ሞዴል ፈተናው በቴሌግራም ይዞራል። ባለፈው ዓመት ካስመረቅኳቸው አንዱ "ሰባ ሁለት አመጣሁ ቲቸር!" ብሎ እየሮጠ መጣ፤ አቀፍኩት። ከሳምንት በኋላ የሥራ ማመልከቻ ሊጽፍ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጠ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሲጽፍ ሲያጠፋ ሻዬ ቀዘቀዘ። ዲፕሪሲየሽን የሚሰላባቸውን መንገዶች ግን አንድ በአንድ ይጠራልሃል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ "አስብና ጻፍ" ያለው ሰው የለም፤ ካላሉት አንዱም እኔ ነበርኩ።

አሜሪካኖች ይህን አስቦ የመጻፍ ችሎታ የሚመዝን ፈተና ሠርተዋል፤ ሲኤልኤ ይሉታል። ምርጫ ከማስከበብ ይልቅ ለተማሪው አንድ ጥቅል ወረቀት ይሰጠው ነበር፦ የጋዜጣ ዜና፣ ሰንጠረዥ፣ ደብዳቤ። ከዚያ "ለአለቃህ ምን ትመክረዋለህ? ምክንያትህን ጽፈህ አስረዳ" ይባል ነበር። ሪቻርድ አረምና ጆሲፓ ሮክሳ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁራን በ24 ተቋማት ያሉ ከ2,300 በላይ ተማሪዎችን ሲገቡ አንዴ፣ ሁለተኛ ዓመት ሲጨርሱ አንዴ በዚህ ፈተኗቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ 45 በመቶዎቹ በሁለቱ ዓመታት የጎላ መሻሻል አላሳዩም አሉ። አገሩ ተንጫጫ። ውጤቱ ለዲግሪው ለማይቆጠር ፈተና ማን ይለፋል የሚል ትችት ተነሣ፤ ተገቢ ትችት ነው። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነው። የተሻሉት በሳምንት ከ40 ገጽ በላይ የሚያስነብብ፣ በመንፈቅ ዓመት ከ20 ገጽ በላይ የሚያስጽፍ ኮርስ የነበራቸው ናቸው። የእኔ ሃንድአውት ለሙሉ መንፈቅ ዓመት 38 ገጽ ነው። ቆጠርኩት።

ብራዚሎችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የጀመሩትን ኤናዲ የተባለ ፈተና መጀመሪያ ላይ ለገቢውም ለተመራቂውም ይሰጡ ነበር። ባዶውንም ሙሉውንም መመዘናቸው ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ባዶው ተመዝኖ ተቀምጧል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያኔ ሁላችንም ደነገጥን፤ ቁጥሩ ግን ፈተና ተሰርቆ ሲዞር ከነበሩት ዓመታት ይልቅ የሚታመን ነው። ክፍላችን ከገቡት ልጆች ብዙዎቹ በሪሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ያለፉ ናቸው። ሲገቡም ሆነ ሲወጡ ያመጡት ውጤት ያለው በአንድ ሚኒስቴር እጅ ነው። ሁለቱን አገናኝቶ፣ ተመሳሳይ ነጥብ ይዘው የገቡ ልጆች በየተቋሙ የት እንደደረሱ ማውጣት የባለሙያ የጥቂት ሳምንት ሥራ ይመስለኛል። ውጤቱ የሚያስደነግጠው የግሎቹን ብቻ ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ ከየተቋሙ በዕጣ ለሚወጡ ጥቂት ልጆች፣ ሲገቡና ሲወጡ፣ አንድ የጽሑፍ ሥራ ቢጨመር የልጁን ዲግሪ አይነካም፤ የሚመዘነው ተቋሙ ነው። ዛሬ ሸክሙ ሁሉ የወደቀው በልጁ ጫንቃ ላይ ነው።

አምና ለራሴ ሞከርኩት። ለአንደኛ ዓመቶች የወፍጮ ፕሮፎርማ፣ የመብራት ቢልና የጎረቤት ቀበሌ ወፍጮ የገቢና ወጪ መዝገብ ሰጥቼ፣ የሴቶች ማኅበር ወፍጮውን ይግዛ ወይስ ይቅር ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ መሐል ላይ አማርኛ እየቀላቀለ፣ "መጀመሪያ ሴቶቹን አሁን የት እንደሚያስፈጩ እጠይቃለሁ፤ ፕሮፎርማው መብራት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ አልተናገረም" ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሲመረቅ ያንኑ ጥያቄ ልሰጠው።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ አገኘሁት። ወፍራም ወረቀት ታቅፏል። "የኤግዚት ጥያቄዎች ናቸው ቲቸር፣ ከአሁኑ ልጀምር ብዬ ነው" አለኝ።

"ወፍጮውስ?" አልኩት።

"የቱ ወፍጮ?"