የልጅ ልጄ «ባህር ግዛልኝ» አለኝ

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከላሊበላ ነው። ጠያቂው የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አያት ናቸው። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። ስልክ ላይ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባል የባህር እንስሳ ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። አሜሪካ ያለው አጎቱም «የመስታወቱን ገንዳ እኔ እልክልሃለሁ» ብሎታል። አያት እንዲህ ይላሉ፦ «እኔ ባህር አይቼ አላውቅም። እሺ ብዬ እንስሳው ቢሞት ልጁ ያዝናል። እምቢ ብል ደግሞ ሁለተኛ ምንም የማይጠይቀኝ እየመሰለኝ ፈራሁ። ምን ልበለው?»

አባባ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ልጅ «አርፈህ ተቀመጥ» ሲባል ነገሩን አይተወውም፤ እኛን መጠየቁን ነው የሚተወው። ስለዚህ እሺ ወይም እምቢ ከማለትዎ በፊት ነገሩን ከልጁ ጋር አብራችሁ ብትመረምሩት ይሻላል። ለዚያ የሚረዳዎትን ቀጥዬ እጽፋለሁ፤ ከቻሉ ጮክ ብለው ያንብቡለት።

እንስሳው ምን ዓይነት ነው?

ማንቲስ ሽሪምፕ ሽሪምፕ ይባል እንጂ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ራሱን የቻለ ወገን ነው። ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። ቀይ ባህርን ጨምሮ በሞቃት ባህሮች ጉድጓድ ቆፍሮ ወይም የኮራል ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። አብዛኞቹ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው።

ልጁን ያስደነቀው ምቱ መሆን አለበት። ሺላ ፓቴክ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ቀርጻ ስትለካው፣ የእጁ ፍጥነት በሰከንድ እስከ 23 ሜትር ደርሷል። ይህ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ መኪና ማለት ነው። ጡንቻ ብቻውን ይህን ያህል አይፈጥንም። እንስሳው እንደ ቀስት ወጥሮ ይይዝና በድንገት ይለቀዋል፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚሰብረውም በዚህ መንገድ ነው።

ዓይኑም ይገርማል። የእኛ ዓይን ቀለምን የሚለይባቸው ተቀባዮች ሦስት ዓይነት ሲሆኑ የእሱ አሥራ ሁለት ናቸው። ስልክ ላይ «እኛ የማናያቸውን እልፍ ቀለማት ያያል» ሲባል ልጁ ሰምቶ ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ተቀራራቢ ቀለሞችን በመለየት ከሰው ያንሳል። ይህን ይንገሩት። በስልክ የሚነገር ሁሉ እንዳለ እንደማይወሰድ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ቤት ውስጥ ለማኖር ምን ያስፈልጋል?

ለትናንሾቹ ዝርያዎች 40 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይበቃል እንበል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት መሆኑ ነው። ውሃው፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲደመሩ ከ50 ኪሎ ስለሚያልፉ የማይወዛወዝ ጠረጴዛ ይፈልጋል።

ከዚያ ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሆንም። ክሎሪን ይጎዳዋል፤ መዳብም በጥቂቱ እንኳ ቢኖርበት ይገድለዋል። የተጣራ ውሃ ተገኝቶ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባህር ጨው በሊትር 35 ግራም ይበጠበጥበታል፤ ለ40 ሊትር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ማለት ነው። ሙቀቱ ቀንም ሌሊትም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቆየት አለበት። ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ፓምፕም ያለማቋረጥ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም እንስሳው ወዲያው አይገባም። ከምግብ ትርፍና ከኩስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚቀንስ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚያን ጊዜ ባዶ ገንዳ እያዩ መታገሥ ነው። ብዙ ሰው እንስሳውን የሚገድለው እዚህ ላይ ቸኩሎ ነው። ከገባ በኋላም በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛው ይቀየራል። ምግቡ ቅርፊት ያላቸው የባህር ቀንድ አውጣና ሸርጣን፣ ካልሆነም በረዶ የሆነ የባህር ሥጋ ነው። ጎረቤት ቢያስገቡለት ይበላዋል፤ ስለዚህ ዕድሜውን ሁሉ ብቻውን ይኖራል።

ላስታ ላይ ሲሆንስ?

ላሊበላ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ንፍሮ ደጋ ላይ ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊቱ ሲያንስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ፓምፑ እየሠራ ከሆነ እንስሳው ይኖራል፤ ፓምፑ ከቆመ ግን የደጋው ገንዳ ከቆላው ፈጥኖ አደጋ ላይ ይወድቃል።

መብራት የሚጠፋው ለጥቂት ሰዓት ከሆነ መላ አለው። ገንዳውን በጋቢ ጠቅልሎ ሙቀቱን ማቆየት፣ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ውሃውን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ለቀናት ከጠፋ ግን መጀመሪያ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፤ አሞኒያው ይመለሳል። ላሊበላ በጦርነቱ ጊዜ ለወራት ያለ መብራት የቆየች ከተማ እንደሆነች ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ውሃውንም ያስቡ። ከገንዳው በየቀኑ ውሃ ይተናል፤ በደረቅ አየር ደግሞ ይበልጥ ይተናል። ጨው አብሮ ስለማይተን የሚጨመረው ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ነው። በበጋ ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ለሚያመጣ ቤተሰብ ይህ ሸክም ቀላል አይደለም። የአጎት ስጦታ ገንዳውን ይሸፍናል እንጂ የየሳምንቱን ጨው፣ ምግብና መብራት አይሸፍንም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ወጪው ጥቂት በጥቂት ይመጣል።

ከሁሉ በላይ እንስሳው ራሱ አለ። ለሽያጭ የሚቀርቡት ማንቲስ ሽሪምፖች በአብዛኛው ከባህር የተያዙ እንጂ በእርባታ የተገኙ አይደሉም። ሕይወት ያለው እንስሳ ከውጭ ለማስገባት የእንስሳት ጤና ፈቃድ ይጠየቃል። ያ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ላሊበላ እስኪደርስ በትንሽ ከረጢት ውሃ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል።

ስለዚህ መልሴ፣ ለአሁኑ ማንቲስ ሽሪምፑ ይቅር ነው። ግን መልስዎ እዚህ ላይ አያብቃ።

በአሞሌ አይሆንም?

ልጁ ብልህ ከሆነ «የአፋር ጨው ቢበጠበጥስ?» ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከአፋር ሜዳ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ለዘመናት የአገራችን ገንዘብ ነበር፤ ከላስታ ብዙ የማትርቀው ሰቆጣም የታወቀች የአሞሌ ገበያ ነበረች። ሆኖም አሞሌ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጨው፣ ሶድየም ክሎራይድ ነው። የባህር ውሃ ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታስየምና ሌሎችም በልክ ተቀላቅለውበታል። እንስሳው ቅርፊቱን በየጊዜው እየጣለ አዲስ የሚሠራው በእነዚህ ነው። በአሞሌ ውሃ ብቻ አይኖርም።

አሁን ዋናውን ይንገሩት፤ ያ ጨው ራሱ የባህር ቅሪት ነው። ቀይ ባህር በጥንት ዘመን ወደ ዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ ነበር። መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተነነ፤ ጨው ብቻ ቀረ። በሜዳው ዳርቻ ዛሬም ወደ 120 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የደረቀ ኮራል ቆሞ ይታያል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ ስትወጣ የባህር ጠረፍ ባይኖራትም፣ ድንጋይ የሆነ የኮራል ሪፍ ግን በምድሯ ላይ አላት። የልጁ አያት ቅድመ አያቶች በልተውት፣ ገበያ ወጥተው ተገበያይተውበት የኖሩት ባህር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግለት?

አንደኛ፣ ባህሩን በሳህን ይሥሩለት። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበጥብጥ፤ የባህር ውሃ ጨውነት ወደዚህ ይጠጋል። ትኩስ እንቁላል ያስገባበት፤ ይሰምጣል። ከዚያ እንቁላሉ እስኪንሳፈፍ ድረስ ጨው እየለካ ይጨምር፤ የጨመረውንም ይጻፍ። በጣም ጨዋማ በሆኑ ሐይቆች ሰው ሳይዋኝ የሚንሳፈፈው ለምን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል። ውሃውን በዝርግ ሳህን ፀሐይ ላይ ቢተወው ውሃው ሄዶ ጨው ይቀራል። ዳናክልን ሠራ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ክረምት ሲመጣ በየሜዳው በሚቋጥረው ውሃ ውስጥ ጅራታም የእንቁራሪት ግልገሎች ይታያሉ። ሦስት ወይም አራቱን ከራሳቸው ውሃ ጋር በሰፊ ሳህን ያምጣ፤ ጥላ ቦታ ያኑራቸው። በየሁለት ቀኑ ግማሹን ውሃ ካመጣበት ቦታ በተቀዳ ውሃ ይቀይር። የተቀቀለ ጎመን ቁራጭ ይበላሉ፤ ትርፉ ግን ሳይበሰብስ ይውጣ። እግር ሲያበቅሉ ወጥተው የሚያርፉበት ድንጋይ ይፈልጋሉ። ያኔ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸው። ከጠበልና ከቤተ ክርስቲያን ኩሬ እንዳይቀዳ እርስዎ ያስጠንቅቁት። ቢልሃርዝያ ስላለም ወንዝና ኩሬ ውስጥ ባዶ እግሩን አይግባ፤ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ ሳይሰለች ከሠራ፣ ከዓመት በኋላ ስለ ዓሣ ገንዳ መነጋገር ይቻላል። ጎልድፊሽ የሚባለው ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚችል ለደጋ ቤት ማሞቂያ አያሻውም፤ ጨውም አይፈልግም። ነገር ግን በትንሽ ክብ ብርጭቆ መኖር የለበትም፤ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚኖርና ስለሚያድግ ሰፊ ገንዳ ይገባዋል። አሞኒያው፣ ትዕግሥቱ፣ የሳምንቱ ውሃ ቅየራ እዚህም አለ። ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው ያ ዓሣ አሁንም አብሮት ሊኖር እንደሚችል አስቀድመው ይንገሩት።

ለአጎቱ ደግሞ ይደውሉለት። ቃል የገባው ከፍቅር ስለሆነ አይውቀሱት። «ገንዳው ይቆይ፤ ይልቅ ጥሩ አጉሊ መነጽርና ስለ ባህር እንስሳት ሥዕል ያለው መጽሐፍ ላክለት» ይበሉት። ርቀው ያሉ ዘመዶች ለልጆቻችን ቃል ከመግባታቸው በፊት አሳዳጊውን ቢጠይቁ፣ በኋላ «እምቢ» የማለቱ ሸክም በአያት ትከሻ ላይ ባልወደቀ ነበር። ይህ ለሌሎቻችሁም፣ ውጭ ለምትኖሩ አንባቢዎቻችን ጭምር፣ የሚሆን ነገር ነው።

ለልጁ ሲነግሩት «አይሆንም፤ ገንዘብ የለንም» ብቻ አይበሉት። ስሌቱን አብራችሁ ሥሩት። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ጨው፣ ስድስት ሳምንት ባዶ ገንዳ፣ መብራት የጠፋበት ሌሊት። ሁሉንም በደብተሩ ይጻፍ። ውሳኔውን ራሱ ቢሰጥ ደግሞ የተሻለ ነው፤ «እንስሳው እኛ ጋ ቢመጣ ይሞታል» ብሎ ራሱ ሲደርስበት፣ የተከለከለ ልጅ ሳይሆን ለእንስሳው ያዘነ ልጅ ይሆናል።

እርስዎም ባህር አለማየትዎ አያሳፍርዎ። «እኔም አላውቅም፤ ና አብረን እንወቅ» የሚል አያት ያለው ልጅ ጥያቄው አያልቅበትም። መልካም ሳምንት።